ባትሪውም ቦሎ ይኑረው

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ጤንነት በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ እንዲካተት ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከሦስተኛ ፎቅ ነው። ሥራዬ ታክሲ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ላዳ ነዳሁ፤ ካርቡሬተሯን መንገድ ዳር ነቅዬ፣ በአፌ ነፍቼ፣ መልሼ ገጥሜ ሥራዬን የምቀጥል ሰው ነበርኩ። ላዳ ሲያማት ትናገራለች፤ ትንኳኳለች፣ ታጨሳለች፣ ትሸታለች። አሁን የያዝኳት ኤሌክትሪክ ግን ዝምተኛ ናት። ዝምታዋን ወድጄው ነበር። ባለፈው ክረምት ያው ዝምታ መሀል መንገድ ላይ ጥሎኝ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ።

አስቀድሜ ልናገር፤ ልቃወም አልመጣሁም። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከእንግዲህ ወደ አገር አይገባም ሲባል፣ ተራ ላይ ሆነን ከተከራከርነው ሹፌሮች መካከል «ይሁን፣ ደግ አደረጉ» ካሉት ነበርኩ። ያኔ ኤሌክትሪኳን ከያዝኩ ዓመት ሊሞላኝ ነበርና ሒሳቡን በእጄ አውቀዋለሁ። ዛሬ ቤንዚን ሊትሩ ከ120 ብር አልፏል። ልከኛ የቤት መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 8 ሊትር ብትጠጣ ወደ 960 ብር ነው። የእኔዋ ለዚያው መንገድ 17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትበላለች። መብራቱን አጋንኜ፣ ኪሎዋቱን በ10 ብር ባስበው እንኳ 170 ብር። በየ100 ኪሎ ሜትሩ 790 ብር ኪሴ ይቀራል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ ቢልም ይህ ሒሳብ አልተገለበጠም። ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ። የፍሬን ሸራዋን ከገዛኋት ጀምሮ አልቀየርኩም፤ ቁልቁለት ላይ የሚይዛት ራሱ ሞተሩ ነውና።

እንግዲህ የቀረው አንድ ነገር ባትሪው ነው። የመኪናዋ ዋጋ ሲሶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እሱ ነው። እሱን ግን ስንገዛ ማንም አያሳየንም፣ ስንሸጥም ማንም አይመዝንልንም።

የገዛሁት በ2015 ነው። ላዳዬን ሸጥኩ፣ ዕቁብ ቀድሜ ወሰድኩ፣ የባለቤቴን ወንድም አስቸገርኩ፤ ተሰብስቦ 2 ሚሊዮን 900 ሺህ ሆነ። መንግሥት በ2014 የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥማ ለምትገባው የጉምሩኩን ቀረጥ 15 በመቶ ባያደርገው ኖሮ አልደርስባትም ነበር፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። መኪናዋ ለቻይና ገበያ የተሠራች፣ እዚያው ጥቂት የተነዳች ናት። ሻጩን «ባትሪውስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ስምንት ዓመት ዋስትና አለው» ብሎ በቻይንኛ የተጻፈ ደብተር ሰጠኝ። ደብተሩን ቤት ወስጄ ከሠርግ ፎቶዎቻችን ጋር አስቀመጥኩት። ቆይቶ ቻይንኛ የሚያነብ የጎረቤት ልጅ ሲተረጉምልኝ እውነትም ስምንት ዓመት ወይም 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። ቻይና አምራቾቿን በዚህ ልክ ዋስ እንዲሆኑ ያስገደደችው በፈረንጆቹ 2016 ነው። ሰውየው አልዋሸኝም። ዋስትናው አለ፤ የሚሠራው ግን እዚያው ቻይና ነው።

ወደ ክረምቱ ልመለስ። ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት እናት ለሠርግ አዳማ አድርሰን ብለው ተኮናተሩኝ። ከእኛ ሰፈር የፍጥነት መንገዱ ክፍያ ጣቢያ ቅርብ ነው፤ ሙሉ ቻርጅ ይዤ ገባሁ። መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 170፣ ከተማ ውስጥ ጥቂት ቢጨመር 190። መኪናዋ ስትገዛ 300 ትሄድ ነበር። ስንሄድ ደህና፣ ስንመለስም ሞጆን እስክናልፍ ደህና። መቶኛው 34 ላይ ነበር። ዳገቱን ስይዝ፣ ዐይኔ እያየ 34 የነበረው 6 ሆነ። ሰሌዳው ላይ አንዲት ቢጫ ኤሊ በራች። ኤሊዋ ማለት «ጉልበቴ አለቀ፣ ቀስ ብለህ ዳር ያዝ» ማለት ነው። ከኋላዬ ሲኖትራክ ጡሩምባ ይነፋል። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ኤሊዋን አዩና «ይቺ ምንድን ናት?» አሉኝ። «ባትሪው ደክሞ ነው አባባ» ስላቸው፣ «ኧረ እሷስ መልኳም የደከመ ነው» ብለው አሳቁን። የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው፤ በመጎተቻ መኪና ሰፈር ስንደርስ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

በማግሥቱ ተራ ላይ ሁሉም ሰው አዋቂ ሆነ። «ዳገት ላይ ነው የበላህ» ይላል አንዱ። እስቲ ዳገቱን እንመዝነው። ከአዳማ እስከ እኛ ሰፈር ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ይጨምራል። መኪናዋ ከነተሳፋሪዋ 1,900 ኪሎ ብትሆን፣ ያንን ክብደት 500 ሜትር ለማንሳት የሚያስፈልገው 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የሞተሩ ብክነት ተጨምሮ ሦስት ይሁን። የእኔ ባትሪ 54 ይይዛል። ሦስቱን ዳገት ቢበላው ሃምሳ አንዱ የት ሄደ? ስወርድማ ከፊሉን መልሼ ሞልቻለሁ። ዳገቱ በከንቱ ታማ።

ከዚያ ትልቅ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ስሙን አልጠራም። ሃያ ደቂቃ አዩዋት። «ባትሪው ሞቷል፣ ሙሉ ፓኩ ይቀየራል፤ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር፣ ሦስት ወር ትጠብቃለህ» አሉኝ። ግማሹን ቅድሚያ።

እዚህ ላይ ስለ ዋጋው ትንሽ ልበል፤ በየሻይ ቤቱ የሚወራው ብዙ ነውና። በዓለም ገበያ የሊቲየም ባትሪ ፓክ በፈረንጆቹ 2010 ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 በአማካይ 115 ዶላር ደርሷል። የእኔን 54 በዚህ ባባዛው 6,210 ዶላር ነው። ዶላሩን በ150 ብር ባስበው 930 ሺህ ብር ገደማ። ታዲያ የቀረው ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ብር ከየት መጣ? በከፊል አውቀዋለሁ። ያ 115 ዶላር በመቶ ሺዎች የሚገዙ ፋብሪካዎች የሚከፍሉት ነው፤ አንዲት ፓክ ነጥሎ የሚያስመጣ ሰው የሚከፍለው ሌላ ነው። ሊቲየም ባትሪ በመርከብ ሲጫን እንደ አደገኛ ዕቃ ስለሚቆጠር ጭነቱም ይወደዳል። ደግሞ ዶላሩ ራሱ፦ መኪናዋን ስገዛ 57 ብር እንኳ አልሞላም ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ያ ዘመን አልፏል። ባትሪ በዓለም እየረከሰ፣ በእኛ ኪስ ግን እየተወደደ የሄደው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ተረድቼም ቢሆን፣ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ማለት ለእኔ ከነዳጅ ያተረፍኩት የ177 ሺህ ኪሎ ሜትር ብር ነው። በዓመት 35 ሺህ እነዳለሁ። አምስት ዓመት ለባትሪ ላገለግል ማለት ነው።

ባለቤቴ «ሽጣት» አለችኝ። ለማን? ማንም ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ባትሪውን ነው።

ያዳነኝ አንድ ወጣት ነው። ኤሌክትሪክ ተምሮ፣ አቃቂ በኩል በተከራያት ትንሽ ግቢ የሚሠራ። ስሙን የማልጠቅሰው እሱ ራሱ ስላስጠነቀቀኝ ነው፤ ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ። መኪናዋን አልነካም፤ ከመሪው ሥር ትንሽ መሣሪያ ሰካና ታብሌቱን ሰጠኝ። 104 መስመር። «ባትሪህ አንድ ዕቃ እንዳይመስልህ ጋሼ፤ በተርታ የተያያዙ 104 ሴሎች ናቸው» አለኝ። ሁሉም 3.29፣ 3.29፣ 3.30 ቮልት እያሉ ይወርዳሉ፤ 67ኛው 3.27። «ይቺማ ምን አላት?» አልኩት፤ ልዩነቷ ጥፍር አታክልም። «ቆይ» አለና ወደ ቂሊንጦ በሚወስደው ዳገት ላይ በኃይል አስነዳኝ። ሌሎቹ ወደ 3.2 ዝቅ ሲሉ 67ኛው 2.81 ገባች፤ ቀይ ሆነች።

ድሮ ሲራራ ነጋዴ ጉዞውን የሚለካው በብርቱዋ በቅሎ አልነበረም። አንዷ ካነከሰች ሁሉም ይቆማል። ባትሪም እንደዚያው ነው፤ የመኪናዋ ኮምፒውተር ደካማዋን ሴል አይቶ «በቃ» ይላል፤ 103ቱ ገና ግማሽ ስንቅ ይዘው ይቆማሉ። መቶኛው ከ34 ወደ 6 የዘለለበትም ምክንያት ይኸው ነው። እንደ እኔው ያለ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ቮልቴጁ ከሙሉው እስከ ማለቂያው ድረስ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ፣ ኮምፒውተሩ የቀረውን የሚያውቀው እየቆጠረ፣ እየገመተ ነው። ጥላ ቆጥሮ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነው፤ ደመና ሲመጣ ይሳሳታል።

ባትሪውን ሲያወርዱት አይቻለሁ። ከአራት መቶ ኪሎ በላይ ነው፤ በጠረጴዛ ማንሻ ነው ቀስ ብሎ የወረደው። ልጁ መጀመሪያ የደኅንነት መቁረጫውን ነቀለ፣ ኪሱ ከተተው፣ ከዚያ እጁን አጣምሮ አሥር ደቂቃ ቆመ። «ምን ትጠብቃለህ?» ስለው «ውስጥ የቀረው እስኪፈስ» አለኝ። ብርቱካናማ ጓንት አጠለቀ። ክዳኑ ሲከፈት የጠበቅኩት ጭስና ቃጠሎ ነበር፤ ያየሁት እንደ ፋርማሲ መደርደሪያ ንጹሕ ነገር ነው። አንድ ቦታ ብቻ፣ ሁለት ሴሎች የሚያገናኘው የመዳብ ቅጠል ብሎኑ ላልቶ፣ ሥሩ እንደ ተቃጠለ ቡና ጠቁሮ። ከአስፋልቱ እስከ ብሎካችን ያለው የተቆፋፈረ መንገድ ሦስት ዓመት አንቀጥቅጦ አንቀጥቅጦ ያላላው ብሎን። ያንን ሞጁል፣ ማለትም ጥቂት ሴሎች አንድ ላይ የታሰሩበትን ክፍል፣ ከተጋጨች መኪና በተገኘ ሌላ ለወጠው፣ ብሎኖቹን ጥብቀት በሚለካ ቁልፍ አንድ በአንድ አጠበቀ፣ ሴሎቹን አመጣጠነ። ሦስት ቀን ፈጀ። ሒሳቡ ከነዕቃው 68 ሺህ ብር። የሦስት ወር የነዳጅ ትርፍ።

ክቡራን፣ በ68 ሺህና በ1 ሚሊዮን 400 ሺህ መካከል ያለው ልዩነት አንድ መሣሪያና አሥር ደቂቃ ነበር። ትልቁ ጋራዥ አታለለኝ አልልም፤ ምናልባት ሴል በሴል የሚያነብ መሣሪያ የላቸውም፣ ምናልባት ፓክ መክፈት አልተማሩም። ግን ሳይለካ የሞት ማስረጃ የሚሰጥበት ዕቃ ባትሪ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። በየዓመቱ ለቦሎ መኪናዬን አስመረምራለሁ። ባለፈው ጊዜ ፍሬን ታየ፣ መብራት ታየ፣ ጎማ ታየ። ቅጹ ላይ ጭስ የሚል ቦታ ነበር፤ መርማሪው ጎንበስ ብሎ የጭስ ማውጫ ፈለገ፣ ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተገጣጠምንና ሁለታችንም ሳቅን፤ ሰረዝ አደረገበት። ለዚያች ሰረዝ ነው የምጽፍላችሁ። የሌለውን ጭስ ከምንፈልግ ያለውን ባትሪ እንይ።

ይህ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አይደለም። መኪናዎቻችን የመጡበት አገር፣ ቻይና፣ ከፈረንጆቹ መጋቢት 2025 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ዓመታዊ ምርመራ ሲደረግ የባትሪው ሙቀትና የኤሌክትሪክ ደኅንነት እንዲታይ አስገዳጅ አድርጋለች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከየካቲት 2027 ጀምሮ ለገበያው የሚቀርብ እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የራሱ ፓስፖርት እንዲኖረው ሕግ አውጥቷል፤ ከምን እንደተሠራ፣ አቅሙ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ። እኛ ፓስፖርት ይቅርብን፤ ቦሎ ይበቃናል። ምርመራው ላይ መሣሪያው ይሰካ፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ሴል ቆመው ስንት እንደሆኑ፣ ጭነት ላይ ስንት እንደሆኑ፣ የቀረው አቅም ከመቶ ስንት እንደሆነ አንድ ወረቀት ላይ ይታተም። ሊብሬው ላይም የባትሪው መጠን በኪሎዋት ሰዓት፣ ዓይነቱና መለያ ቁጥሩ ይስፈር።

ዓይነቱ ለምን? ተራችን ላይ መጥታችሁ ብትሰሙ ይገባችሁ ነበር። አንዱ «ከ80 በላይ አትሙላ፣ ትገድላታለህ» ይላል፤ ሌላው «በሳምንት አንዴ መቶ ካልሞላህ ታብዳለች» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው! ኒኬልና ኮባልት ያለበት ባትሪ ዘወትር ሙሉ ሆኖ ማደር አይወድም፤ የብረት ፎስፌቱ ግን አልፎ አልፎ እስከ መቶ ካልተሞላ ቆጣሪው ይዛባበታል። የሚጣሉት ስለ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ነው፤ የያዙት የትኛውን እንደሆነ የጻፈላቸው ሰው ስለሌለ። ልጅህ ምን ዓይነት ደም እንዳለው ሳታውቅ ሐኪም ቤት እንደመሮጥ ነው።

ወረቀቱ ቢኖር የሚለወጠውን አስቡት። ዛሬ ደላላ ዘንድ ቪትዝ ብትወስድ ዋጋዋ ይታወቃል፤ ሃያ ዓመት ሞልቷትም ወርቅ ናት። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ገዢው ጎማዋን ይመታል፣ በሯን ይዘጋል ይከፍታል፣ መጨረሻ ላይ «ባትሪዋ ስንት ዓመት ትቆያለች?» ይላል። ሻጩ «እግዜር ያውቃል» ይላል። እግዜር የሚያውቀውን ዋጋ ደግሞ ገዢ ሁልጊዜ ዝቅ አድርጎ ነው የሚገምተው። በእውነቱ ባትሪ እንደሚፈራው ቶሎ አይሞትም። ጂኦታብ የተባለ የተሽከርካሪ መረጃ ድርጅት በ2024 ሺህ በሺህ መኪናዎችን አይቶ አቅማቸው በዓመት በአማካይ 1.8 በመቶ ብቻ እንደሚቀንስ አውጥቷል። ባትሪን ከሚገድሉት አንዱ ሙቀት ነው፤ እኛ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ላይ፣ ጋቢ ለብሰን የምናድር ሰዎች ነን። ለባትሪ ከአዲስ አበባ የተሻለ አየር ቢፈለግ ብዙም አይገኝም። የእኔዋ ከተጠገነች በኋላ ስትለካ 91 በመቶ ሆነች። ይህቺን 91 የምትል ቁጥር በማኅተም ባገኝ መኪናዬ ዛሬውኑ ብዙ መቶ ሺህ ብር ትጨምራለች፤ አንድ ሳንቲም ሳይወጣባት።

አስመጪዎቹን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። መኪናው ሲገባ ያንኑ ወረቀት ይዞ ይግባ፤ ዋስትና ካለውም እዚህ አገር የሚሠራ፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ የሚከሰስ አድራሻ ያለው ይሁን። ከውጭ የሚገቡት ሞዴሎች ሲመረጡም ባትሪያቸው የሚከፈት ነው ወይስ የማይከፈት የሚለው ቢታይ መልካም ነው። ከአዳዲሶቹ ፓኮች ብዙዎቹ ሞጁል የሚባል ነገር የላቸውም፤ ሴሎቹ በሙጫ አንድ ላይ ይጣበቃሉ። ይቀልላል፣ ይረክሳል፣ ብዙ ይይዛል። የእኔ ዓይነት የላላ ብሎን ቢያገኘው ግን የአቃቂው ልጅም ምንም አያደርገው።

ስለ ልጁ ቃል ገብቼ ነበር። ስሙን እንዳልጠራ የለመነኝ ፈቃድ ስለሌለው ነው። ፈቃድ የሌለው ደግሞ ስለከለከሉት ሳይሆን ለዚህ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ ፈቃድ ፈልጎ ስላላገኘ ነው። 330 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው የሚነካው። የቤት መብራት መቶት የተረፈ ሰው አለ፤ ይሄኛው ግን ሊገድል ይችላል። እሱ ጓንት ያጠልቃል፣ አሥር ደቂቃ ይቆማል። ቀጣዩ ልጅ፣ የእሱን ሥራ በስልክ ቪዲዮ ዐይቶ የጀመረው፣ አሥሩን ደቂቃ ይቆማል? ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይህን እንዲያስተምሩና ለተመረቀው የብቃት ማረጋገጫ እንዲሰጠው ከሥራና ክህሎት ጋር ብትነጋገሩበት፣ ከብዙ ቃጠሎና ከብዙ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ያድነናል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄኛው ለመብራት ኃይል ነው። ሦስተኛ ፎቅ እኖራለሁ ብያችኋለሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ስገባ ከበረንዳዬ ሃያ አምስት ሜትር ገመድ አወርዳለሁ። አንደኛ ፎቅ ያሉት እናት መኪናዬን «ጡት የምትጠባዋ» ነው የሚሏት። ገመዱ በመስኮታቸው በኩል ያልፋል፤ ልጆች እንዳይነኩት ብለው ራሳቸው አሮጌ ምንጣፍ ያለብሱልኛል። ቻርጀሬ 10 አምፔር ነው፤ በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት። የቀኑን 120 ኪሎ ሜትር ለመመለስ 20 ኪሎዋት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይበቃኛል፤ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት እወጣለሁ፣ ልክ ነው። ግን ማታ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ 185 ይገባል፤ ዘጠኙ ሰዓት አሥራ አንድ ይሆናል። ሌሊት መብራት ከጠፋማ 41 በመቶ ይዤ ነው የምነሳው። ሶኬቱ ሁለት ጊዜ ቀልጦብኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ የቃጠሎው ሽታ ቀሰቀሰኝ።

ጷጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ እኔም ሰፈር ወጥቼ ጨፍሬያለሁ። 5,150 ሜጋዋት። መብራቱ ከጉባ ተነሥቶ ቱሉ ዲምቱ ድረስ መጥቷል፤ ከቆጣሪው እስከ መኪናዬ ያለችው ሃያ አምስት ሜትር ናት ያቃተችን። በግቢያችን አሥራ አራት የኤሌክትሪክ መኪና ቆጥሬያለሁ፤ ሁሉም አንድ ላይ ቢሰኩ 31 ኪሎዋት ገደማ ነው። በመኪና ማቆሚያው ላይ አንድ የጋራ ሣጥን፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ካርድ ቆጣሪ ቢቆምለት፣ ወጪውን ተዋጥተን እንከፍላለን፤ ስብሰባ አድርገን ተስማምተናል፣ ቃለ ጉባኤው አለ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ለሚሰካ ሰው ታሪፉ ትንሽ ቢቀንስለት ደግሞ ማንም ሰው ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት መኪና አይሰካም።

ያረጀ ባትሪስ የት ይጣላል ለሚሉኝ፣ ለመጣል ገና ነው እላለሁ። 70 በመቶ የቀረው ፓክ ለመኪና ቢደክም 38 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ፍሪጅና መብራት ለሚያበራ ቤት ሳምንት ሊዘልቅ ይችላል። ግን ያንንም ለመሸጥ መጀመሪያ መለካት አለበት፤ ያው ወደ ወረቀቱ ተመለስን።

ቦሎዬ የሚታደሰው ጥር ላይ ነው። ልጁ 104ቱን መስመር አትሞ ሰጥቶኛል፤ 67ኛዋም አሁን እንደ እኅቶቿ 3.29 ትላለች። ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ። መርማሪው ጭስ የምትለዋ ሰረዝ ጎን በእጁ ጽፎ ቢፈርምበትም ለዘንድሮ አይከፋኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቱሉ ዲምቱ ባለታክሲ

ግልባጭ፦
— ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን
— ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት
— ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
— ተራ ላይ ስለ 80 እና ስለ 100 ለምትጣሉ ሁሉ